ሳይኮሎጂን ለምን መረጥሁ

የመጽሔታችን አዘጋጆች እያንዳንዱ አባል የሚማረውን ትምህርት ለምን እንደ መረጠና ትምህርቱም ለሀገሩ ምን እንደሚረባ እንዲጽፍ ጠይቀዋል። ከእኔ በፊት የጻፉት ወንድሞች የውሃ ምሕንድስናና የእርሻ ኤኮኖሚ ተማሪዎች ስለ ነበሩ ሥራቸው ቀላል ነበር ማለት ይቻላል። የመስኖ ቦይና የስንዴ ምርት ለሀገር ምን እንደሚጠቅም ለማስረዳት ብዙ ወረቀት አያስፈልግም። የእኔ ነገር ግን እንደዚያ አይደለም። ሳይኮሎጂ እማራለሁ ስል ከወገኖቼ የማገኘው መልስ ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። አንደኛው «ታዲያ አሁን የማስበውን ታውቂያለሽ?» የሚል ቀልድ ነው። ሁለተኛው «የእብድ ሐኪም ልትሆኚ ነው?» የሚል ሲሆን፣ ይህን መጀመሪያ የጠየቀኝ የወለደኝ አባቴ ነው። ሦስተኛው ከጓደኞቼ የሚመጣ ነው። «ሕዝቡ እንጀራ ሳይጠግብ፣ በጦርነትና በስደት እየተንከራተተ ሳለ፣ ስለ ስሜትና ስለ ሐሳብ ማጥናት የቅንጦት ትምህርት አይሆንምን?» ይላሉ።

ቀልዱ መልስ አያስፈልገውም። ለአባቴና ለጓደኞቼ ጥያቄ ግን መልስ መስጠት ይገባኛል። በቅድሚያ አንድ ነገር ላስረዳ። ሳይኮሎጂ ወይም ሥነ ልቡና የሰውን አስተሳሰብ፣ ስሜትና ጠባይ የሚያጠና ትምህርት ነው። ከአእምሮ ሕክምና ጋር ቢቀራረብም ሁለቱ አንድ አይደሉም። የአእምሮ ሐኪም በመጀመሪያ ሕክምና ተምሮ መድኃኒት የሚያዝ ሲሆን፣ የሳይኮሎጂ ባለሙያ ዋና መሣሪያው ጥያቄና ንግግር ነው። እኔ የምማረው ክሊኒካል ሳይኮሎጂ የሚባለውን፣ ማለትም መንፈሱ የታወከን ሰው መርዳትን የሚመለከተውን ክፍል ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአክስቴ ነገር

የተወለድሁት ከደብረ ታቦር ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ገጠር ነው። የአባቴ ታላቅ እህት ከእኛ ጋር አጥር ለአጥር ትኖር ነበር። በአንድ ክረምት ሁለት ልጆቿን በኩፍኝ አጣች። የሁለተኛው ልጅ ዐርባ ከወጣ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ሥራው ሲመለስ፣ እርሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቀረች። እህል መፍጨት ተወች፤ ለቡና ብትጠራ አትመጣም፤ ሌሊት ሌሊት እየተነሣች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መቃብር መሄድ ጀመረች።

አንዱ «ዛር ነው» አለ፤ ሌላው «የሰው ዐይን ነው» አለ፤ ሽማግሌዎቹ «ሐዘን ነው፤ ይለቃታል» አሉ። ጠበል ወስደው ሁለት ሱባዔ አስጠመቋት። በመጨረሻም በጨለማ ገደል እንዳትገባ ተብሎ ሌሊቱን እግሯ በጠፍር ከምሰሶው ጋር መታሰር ተጀመረ። እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት እፈልጋለሁ። ያሰሯት ሰዎች ጨካኞች አልነበሩም። ባሏ ጠፍሩን የሚቋጥረው እያለቀሰ ነበር፤ ቁርጭምጭሚቷ እንዳይላጥም ከሥሩ ጨርቅ ይጠቀልልላት ነበር። ጎረቤቶች ተራ ገብተው እንጀራ ይጋግሩላት ነበር። ማንም አልተዋትም፤ ግን ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

በእኛ ዘንድ በዚያን ጊዜ ስለ አእምሮ ሕመም ሲወሳ በስም የሚታወቀው ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር። ከቀዬአችን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከመንገዱ ይልቅ የከበደው ግን ስሙ ነው። ሁላችሁም እንደምታውቁት በእኛ አገር ንግግር «አማኑኤል ገባ» ማለት ከሰው ተራ ወጣ ማለት ነው። አክስቴ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ሴት ልጅ ስለ ነበረቻት ዘመዶቿ «ስም ይወጣብናል፤ ልጅቷንም የሚያገባት ይጠፋል» ብለው ነገሩን ተዉት።

በሦስተኛው ዓመት፣ የአእምሮ ሕክምና የተማረ ነርስ ደብረ ታቦር ሆስፒታል መጣ የሚል ወሬ ተሰማ። አባቴ አክስቴን በበቅሎ አድርጎ ወሰዳት፤ እኔም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሁና ስንቅ ተሸክሜ ተከተልሁ። ነርሱ ወጣት ሰው ነው። ስለ ሕመሙ አባቴን ከጠየቀ በኋላ ወንበሩን ወደ አክስቴ አስጠግቶ፣ «እትዬ፣ የልጆችዎ ስም ማን ማን ነበር?» አላት። በሦስት ዓመት ውስጥ እንዳይብስባት ብለን ማናችንም የልጆቹን ስም በፊቷ ጠርተን አናውቅም ነበር። አክስቴ ብዙ ዝም ካለች በኋላ ሁለቱንም ስሞች ተናገረች። ከዚያም ታላቁ ልጅ ምን ዓይነት በግ ይወድ እንደ ነበር መናገር ጀመረች፤ እያለቀሰችም ብዙ አወራች።

ነርሱ መድኃኒትም ሰጥቷታል፤ በየወሩ እንድትመለስም አድርጓል። አክስቴ ሙሉ በሙሉ ዳነች ብዬ አልዋሽም። ዛሬም ክረምት ሲገባ ዝም ትላለች። ነገር ግን ጠፍሩ ከምሰሶው ተፈታ፤ ትፈጫለች፤ ገበያ ትወጣለች፤ ልጅቷንም ድራለች። የረዳት ኪኒኑ ነው ወይስ ጥያቄው? በልጅነቴ ጥያቄው ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ከተማርሁ በኋላ ሁለቱም ናቸው እላለሁ። ነገር ግን ያ ነርስ ያንን ጥያቄ በሌላ ቋንቋ፣ በአስተርጓሚ ቢጠይቅ ኖሮ ያንኑ መልስ ያገኝ ነበር ብዬ አላምንም። ሳይኮሎጂን የመረጥሁበት ምክንያት ሲጠቃለል ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ ማብራሪያ ነው።

የቅንጦት ትምህርት ነውን?

አሁን ወደ ጓደኞቼ ጥያቄ እመለሳለሁ። የአእምሮ መታወክ የሀብታም አገርና የከተማ ሰው በሽታ ነው የሚለው አስተሳሰብ በእኛ ተማሮች ዘንድ በሰፊው ይሰማል። ይህ አስተሳሰብ ግን ከሐቁ ጋር አይስማማም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው በቡታጅራ አካባቢ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረ ሰፊ ጥናት ነበር። ከ68,000 በላይ የሆኑ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሰዎች፣ አብዛኞቹ ባላገሮች፣ በየቤታቸው ተጠይቀዋል። በጥናቱም ከባድ የአእምሮ ሕመም በገበሬው ቤት ውስጥ መኖሩ ተረጋገጠ። ይበልጥ የሚያሳዝነው፣ ከታመሙት ውስጥ አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና ከቶ አግኝተው የማያውቁ መሆናቸው ነው። እንደ አክስቴ በየምሰሶው ሥር የተቀመጡ ነበሩ ማለት ነው።

የባለሙያውንም ነገር እንመልከት። አማኑኤል ሆስፒታል የተመሠረተው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። በዚያው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን የተጀመረው ግን በ1987 ነው። አክስቴን የረዳት ነርስ የዚህ ሥልጠና ፍሬ ነው። የአእምሮ ሐኪሞች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሠልጠን የጀመሩት ደግሞ በ2003 ነው። ከዚያ በፊት አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም በዚህ ሙያ ለመሠልጠን ወደ ባዕድ አገር መሄድ ነበረበት፤ ከሄዱትም ውስጥ ሳይመለሱ የቀሩ አሉ። ስለሆነም ትምህርቱን ቅንጦት ያደረገው የሕዝቡ ፍላጎት ማነስ ሳይሆን የባለሙያው ማነስ ነው።

ከጋፋት እስከ አስፉሪዬ

ወደዚህ ከተማ ስመጣ ያልጠበቅሁት አንድ ነገር አገኘሁ። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። የአፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ባለሙያዎች ይኖሩበት የነበረና ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራበት ቦታ ስለሆነ፣ እኛ የአካባቢው ልጆች ታሪኩን ስንሰማ ነው ያደግነው። ከእነዚያ ባለሙያዎች አንዱ ቴኦፊሉስ ቫልድማየር የተባለ የስዊስ ተወላጅ ሚሲዮናዊ ነበር። ያገባውም በእኛ አገር ሊቀ መኳስ ዮሐንስ በመባል የሚታወቀውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ ነው፤ እናቷ ኢትዮጵያዊት ነበረች። በ1868 ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ቫልድማየር ከአገራችን ወጥቶ ወደ ሊባኖስ ተራሮች መጣ። በ1873 በብሩማና ትምህርት ቤት አቋቋመ። በ1896 ደግሞ ከቤይሩት ዳርቻ በሚገኘው በአስፉሪዬ ኮረብታ ላይ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። ሆስፒታሉ ሕሙማንን መቀበል የጀመረው በ1900 ነው።

በዚያን ዘመን በሊባኖስ ተራሮች መንፈሱ የታወከ ሰው ወደ ቆዝሐያ ገዳም ይወሰድ ነበር። እዚያ ባለው ዋሻ ውስጥ ጋኔኑ እስኪለቀው ድረስ በሰንሰለት ይታሰራል። ይህን ሳነብ የእኛው ጠበል ትዝ አለኝ። የሊባኖስም ባላገር እንደ እኛው ባላገር የሚወደውን ዘመዱን ያስር የነበረው ሌላ መላ ስለ ጠፋው ነው። አስፉሪዬ ለብዙ ዓመታት ከሠራ በኋላ በእርስ በርሱ ጦርነት መካከል በ1982 ተዘጋ። ስሙ ግን አልሞተም። ዛሬም በሊባኖስ ንግግር «አስፉሪዬ» ማለት የእብዶች ቤት ማለት ነው፤ ልክ በእኛ አማርኛ «አማኑኤል» እንደምንለው። ሁለት ሕዝቦች ሳይመካከሩ የሐኪም ቤታቸውን ስም ስድብ አድርገውታል። ከዚህም የምረዳው፣ የምንፈራው በሽታውን ብቻ ሳይሆን በሽተኛው ተጠርቶ የሚገባበትንም በር መሆኑን ነው። ሆስፒታል መሥራት ብቻውን ይህን ፍርሃት አያጠፋውም። በየጤና ጣቢያው፣ በየትምህርት ቤቱ፣ ሰው ሳያፍር ሊያነጋግረው የሚችል ባለሙያ ያስፈልጋል።

«ሆዴን ባር ባር ይለኛል»

እንደምታውቁት በዚህ ከተማ ብዙ እህቶቻችን በቤት ሠራተኛነት ይኖራሉ። የዕረፍት ቀን የሚፈቀድላቸው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ በዶራ ሰፈር ይሰበሰባሉ። ከሁለት ዓመት ወዲህ በአንድ የበጎ አድራጎት ክሊኒክ በነጻ አስተርጓሚነት ሳገለግል ቆይቻለሁ። የሚከተለውን የምጽፈው በባለቤቲቱ ፈቃድ ሲሆን፣ ማንነቷን ሊያሳውቅ የሚችለውን ነገር ለውጬዋለሁ።

ይህች እህት የወሎ ልጅ ናት። ወደ ክሊኒኩ ሁለት ጊዜ መጥታ ሁለቱንም ጊዜ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቷት ተመልሳለች። በሁለቱም ጊዜ ያስተረጎመችላት ትንሽ ዐረብኛ የምታውቅ ጓደኛዋ ነበረች። ሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ እኔ ነበርሁ። ሐኪሙ ምን እንደሚያማት ሲጠይቃት፣ «እቱ፣ ሆዴን ባር ባር ይለኛል፤ አንጀቴ አሯል፤ እንቅልፍ የሚባል የለኝም በይልኝ» አለችኝ። መዝገቡ ላይ የተጻፈው ግን «የሆድ ሕመም» የሚል ነበር። ጓደኛዋ ቃሉን በቃሉ ተርጉማው ነበርና በሐሰት አትወቀስም፤ ሐኪሙም የሰማውን ነው ያከመው።

ለሐኪሙ አስረዳሁት። በእኛ ቋንቋ ሆድ የምግብ ማደሪያ ብቻ አይደለም። ምሥጢር የሚቀመጠው በሆድ ነው፤ ቂም የሚያዘው በሆድ ነው፤ ሰው ሲከፋው ሆዱ ይብሰዋል፤ ሲራራ ሆዱ ይባባል፤ ቶሎ የሚያዝነው ሆደ ባሻ ይባላል። አንጀትም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ይህች ሴት የምትናገረው ስለ ሐዘን ነው አልሁት። ሐኪሙ መልካም ሰው ስለ ነበረ እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ «እንግዲያውስ በሆድዋ ያለውን ጠይቂያት» አለኝ።

ጠየቅኋት። እናቷ ሞተዋል። ይህን ያወቀችው ከቀብሩ አራት ወር ቆይቶ፣ እኩለ ቀን ላይ ሳህን ስታጥብ፣ በስልክ ከተላከላት የድምፅ መልእክት ነው። ወገኖቼ፣ በእኛ ዘንድ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሌሊት ሊነጋጋ ሲል፣ ሰውየው በብቻው እንዳይሆን ተጠንቅቆ ነው የሚረዳው። እርሷ ግን መርዶዋን ብቻዋን ሰምታ ሳህኑን አጥባ ጨረሰች፤ ከዚያም የአሠሪዎቿን ምሳ አቀረበች። «አልቅሼ አላውቅም፤ የት አለቅሳለሁ?» አለችኝ።

ሐኪሙ ለእንቅልፏ የሚሆን መድኃኒት ሰጥቶ ወደ አእምሮ ሐኪም መራት። እኛ ደግሞ በሚቀጥለው እሑድ በዶራ አንዲት እህት በተከራየችው ክፍል ውስጥ ለቅሶ ተቀመጥንላት። ንፍሮ ተቀቀለ፤ ቡና ተፈላ፤ እናቷን በሕይወታቸው የምታውቅ አንዲት ያገሯ ልጅ ተገኝታ ስለ ደግነታቸው ተናገረች። ያን ቀን አለቀሰች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳገኛት ሌሊቱን መተኛት እንደ ጀመረች ነገረችኝ።

ከዚህ ነገር ብዙ ተምሬአለሁ። ለቅሶ ለመቀመጥ የሳይኮሎጂ ዲግሪ አያስፈልግም፤ እናቶቻችን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል። ዲግሪው የሚያስፈልገው የትኛው ሐዘን በለቅሶ እንደሚቃለል፣ የትኛው ደግሞ ሐኪምና መድኃኒት እንደሚሻ ለይቶ ለማወቅ ነው። ይህን የሚለይ ሰው ደግሞ የሕመምተኛውን ቃል ከነትርጉሙ የሚያውቅ መሆን አለበት።

ጥያቄው በማን ቋንቋ ተጻፈ?

የቋንቋው ነገር የእኔ የግል ሐሳብ ብቻ አይደለም። በ1953 የዓለም የጤና ድርጅት ስለ አፍሪካዊው አእምሮ አንድ ጥናት አሳተመ። ጸሐፊው በኬንያ ይሠራ የነበረው ሐኪም ካሮዘርስ ነው። ይህ ሰው በአፍሪካውያን ዘንድ የድብርት ሕመም እምብዛም አይገኝም ብሎ ጻፈ፤ የአፍሪካዊውንም አስተሳሰብ የፊት አንጎሉ በቀዶ ጥገና ከተነካ አውሮፓዊ ጋር እስከ ማመሳሰል ደርሶ ነበር። የቅኝ ገዢዎች ንቀት እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ከንቀቱ ሌላም ነገር አለ። የእኛን ሐዘን በእንግሊዝኛ ቃል የሚፈልግ ሰው አያገኘውም፤ ባለማግኘቱም «የለም» ይላል። በሆድና በአንጀት ውስጥ ተቀምጦ እያለ ማለት ነው።

ፍራንዝ ፋኖንን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በፖለቲካ ጽሑፎቹ ነው። ሙያው ግን የአእምሮ ሐኪምነት ነበር። ከ1953 እስከ 1956 በአልጄሪያ በብሊዳ ሆስፒታል ሠርቷል። ከፈረንሳይ የተማረውን አዲስ የሕክምና ዘዴ፣ ማለትም ሕሙማን በስብሰባ፣ በበዓልና በጋራ ሥራ እየተረዳዱ እንዲድኑ የሚያደርገውን፣ በአውሮፓውያን ሴቶች ክፍል ሲሞክረው ተሳካ፤ በአልጄሪያውያን እስላሞች ወንዶች ክፍል ግን ከሸፈ። ፋኖን ዐረብኛ ስለማያውቅ የሚያነጋግራቸው በአስተርጓሚ ነበር። ታማሚዎቹን አልወቀሰም። የእነርሱን አኗኗር ሳይመረምር የሌላ ሕዝብ ልማድ እንደ ጫነባቸው ተረድቶ ይህንኑ በ1954 ከባልደረባው ጋር አሳተመ። ከዚያም ያገሩን ዓይነት ቡና ቤት በሆስፒታሉ ውስጥ አስከፈተላቸው። በዚያው በ1954 ናይጄሪያዊው ሐኪም ላምቦ በአቤኦኩታ አጠገብ በአሮ፣ ሕሙማን ከዘመዶቻቸው ጋር በመንደር እየኖሩ የሚታከሙበትን አሠራር ጀምሯል። ላምቦ የሕዝቡ ልጅ ስለሆነ አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

ከእኛም አገር ምሳሌ አለ። በ1987 በኤዲንብራ ከተማ ለወለዱ እናቶች የተዘጋጀ፣ የድብርትን ሕመም የሚለይ የጥያቄ ወረቀት አለ። በብዙ አገሮች ይሠራበታል። በቡታጅራ ባላገር እናቶች ላይ ሲሞከር ግን የታመመችውን ከጤነኛዋ እንደሚጠበቀው አልለየም። ውጤቱ የታተመው በ2008 ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ያዘጋጀውና 20 «አዎን» ወይም «የለም» የሚባልባቸው ጥያቄዎች ያሉት ቅጽ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ይህ ቅጽ ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ሆድ፣ ስለ እንቅልፍ ጭምር ይጠይቃል። ወረቀትን መተርጎም ጥያቄን መተርጎም እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

የሥርዐቱስ ጉዳይ?

እስካሁን የጻፍሁትን የሚያነብ ጓድ፣ «ያቺ የወሎ ልጅ የታመመችው በሥርዐቱ ምክንያት ነው፤ ሥርዐቱን ሳትለውጪ እርሷን ብታጽናኚያት ምን ፋይዳ አለው?» ብሎ ቢጠይቀኝ እውነት አለው። የዚያች እህት ፓስፖርት አሁንም በአሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ ነው። በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። ከፋላ የሚባለው አሠራር የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ በአሠሪዋ ላይ ያንጠለጥለዋል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2008 ባወጣው መግለጫ፣ ከጃንዋሪ 2007 ጀምሮ በአንድ ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ውስጥ በሊባኖስ ቢያንስ 95 የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች እንደ ሞቱ አስታውቋል። ከእነዚህ ውስጥ 40ው ራሳቸውን እንደ ገደሉ ተመዝግቧል፤ 24ቱ ደግሞ ከፎቅ ወድቀው ነው የሞቱት። በ2020 የሊባኖስ ኤኮኖሚ ሲወድቅ ብዙ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን በሐዝሚዬ ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሄደዋል። አስፉሪዬ የነበረበት ኮረብታ ከዚያ ሩቅ አይደለም።

ይህ ሁሉ በጥያቄና በንግግር ብቻ አይፈወስም። የተቆለፈ በር የሚከፈተው በሕግና በትግል ነው። አንዲትን ሴት የተቆለፈባትን ክፍል እንድትለምደው የሚያደርግ ሳይኮሎጂ ካለ እኔ አልማረውም። ነገር ግን ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ ዛሬ ማታ እንቅልፍ ያጣችው ሴት አለች፤ ነገን ካላየች የሕጉን መለወጥም አታይም። ፋኖንም በ1956 ከብሊዳ ሥራው ሲለቅ፣ ሰውን በገዛ አገሩ ባዕድ በሚያደርግ አገዛዝ ሥር አእምሮን ማከም ከንቱ መሆኑን ጽፎ ነው የለቀቀው። ይሁን እንጂ ቱኒዝ ከገባ በኋላ ትግሉንም ሕክምናውንም አልተወም፤ እንዲያውም ሕሙማን ቀን ታክመው ማታ ወደ ቤታቸው የሚመለሱበትን የሕክምና ክፍል በዚያ አቋቋመ። ሁለቱ ሥራዎች አንዱ የአንዱ ጠላት አይደሉም።

ለአባቴ የሰጠሁት መልስ

አባቴ በስልክ «የእብድ ሐኪም ልትሆኚ ነው?» ባለኝ ጊዜ ይህን ሁሉ አልነገርሁትም። «አባዬ፣ አክስቴን ያነጋገራት ያ ነርስ የእብድ ሐኪም ነበረ?» ብቻ አልሁት። ትንሽ ዝም አለና «እሱማ ሰው ነበረ» አለኝ። ቀጥሎም «በይ እንግዲያስ እንደሱ ሁኚ» ብሎ ስልኩን ለእናቴ ሰጣት። ከዚያን ቀን ወዲህ አልጠየቀኝም። ሐሳቤም ትምህርቴን ስጨርስ ወደዚያው አካባቢ ተመልሼ ሆስፒታሉ ቢቀበለኝ በሆስፒታሉ፣ ባይሆን በትምህርት ቤት ወይም በጤና ጣቢያ መሥራት ነው። ደመወዙ አነስተኛ መሆኑን አውቃለሁ። እዚህ ወይም በአውሮፓ ብቀር የተሻለ እንደማገኝም አውቃለሁ። ግን እዚያ የምጠይቀው ጥያቄ ሁሉ በተውሶ ቋንቋ ይሆናል።

ጽሑፌን የምዘጋው በልመና ነው። እስካሁን የተናገርሁት ስለ አማርኛ ብቻ ነው፤ አገራችን ግን የብዙ ቋንቋዎች አገር ናት፤ በዚህም ዩኒቨርሲቲ ያለን አባሎች ልዩ ልዩ ቋንቋዎች እንናገራለን። ሰው ሲከፋው፣ ሲጨነቅ፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ሐዘን ሲጸናበት የሚናገራቸውን ቃላት በአንድ ደብተር ላይ እየሰበሰብሁ ነው። ከአማርኛው እስካሁን ከመቶ በላይ አግኝቻለሁ። በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በጉራጊኛ፣ በሶማልኛ፣ በወላይትኛና በሌሎችም ቋንቋዎች እናቶቻችሁ እንዴት እንደሚሉ፣ ቃሉንም በምን ጊዜ እንደሚናገሩት ጽፋችሁ በማኅበሩ ቢሮ እንድታኖሩልኝ እለምናለሁ። ደብተሩ ሲሞላ አባዝተን በከተማው ላሉት ክሊኒኮች እንሰጣለን፤ አንድ ቅጂም ይዤ ወደ ሀገሬ እገባለሁ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነጻ የሆናችሁና ዐረብኛ የምትችሉም ብትኖሩ፣ ክሊኒኩ ሁለት አስተርጓሚዎች ይጎድሉታል።